የደራሲው ወገንና የልቦለዱ ወገን

አዲስ ልቦለድ ታትሞ በወጣ ቁጥር በእኛ አንባቢ ዘንድ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «እንዴት ተጻፈ?» የሚለው ሳይሆን «ጸሐፊው የማን ወገን ነው?» የሚለው እየሆነ መጥቷል። በጥያቄው አልፈርድም። ሰው በጻፈው ነገር በሚታሰርበትና በሚሰደድበት አገር ያደገ አንባቢ መጽሐፉን ከመግለጡ በፊት የጸሐፊውን አሰላለፍ ለማጣራት ቢሞክር ከኑሮ የተማረው ጥንቃቄ ነው። ቢሆንም ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍና ፖለቲካ የተጋጠሙበት የዘመናዊው ሂሳዊ አስተሳሰብ ትልቁ ክርክር የተካሄደው በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ክርክሩን ለረጅም ጊዜ ሲከታተል እንደኖረ አንባቢ የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር፤ የአንድ ልቦለድ ፖለቲካ ከጸሐፊው አቋም አይነበብም። የሚነበበው ጸሐፊው አይቶ ሊያልፈው ካልቻለው ነገር ነው፤ ያም ነገር ብዙ ጊዜ የራሱን ወገን የሚያሳጣ ሆኖ ይገኛል።

ፕላቶ በ«ሪፐብሊክ» አሥረኛ መጽሐፍ ላይ በፍልስፍናና በግጥም መካከል ያለው ጠብ የቆየ መሆኑን ያነሳና፣ ለአማልክት ከሚቀርብ መዝሙርና ለደጋግ ሰዎች ከሚደረስ ውዳሴ በቀር ግጥም ወደ ከተማው እንዳይገባ ይወስናል። (ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ የተሾሙ የሳንሱር ሹማምንት ሲፈቅዱ የኖሩትም እነዚህኑ ሁለቱን፣ መዝሙርና ውዳሴን ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።) ዘመናዊው ክርክር ግን ለእኔ የሚጀምረው ከፕላቶ ሳይሆን ከአንድ አጭር ደብዳቤ ነው።

በሚያዝያ 1888 እ.ኤ.አ. ፍሪድሪክ ኤንግልስ ማርጋሬት ሃርክነስ ለተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ ደብዳቤ ጻፈላት። (ከዚህ በታች የማነሳቸው የአውሮፓ ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ሃርክነስ በለንደን ድሆች ሠፈር ስለምትኖር አንዲት ሠራተኛ ልጅ የጻፈችውን ልቦለድ ልካለት ነበር። የማርክስ የዕድሜ ልክ ጓድ የሆነው ሰው ልቦለዱን ሲተች «ለምን በይፋ የሶሻሊስት ልቦለድ አልጻፍሽም?» ብሎ ይወቅሳታል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል። የሚላት ተቃራኒውን ነው፤ የጸሐፊው አመለካከት በተሸሸገ መጠን ለኪነ ጥበብ ሥራው የተሻለ ይሆናል ይላታል። ቀጥሎም ፈረንሳዊውን ልቦለድ ጸሐፊ ባልዛክን በምሳሌነት ያነሳል። ባልዛክ በፖለቲካ አቋሙ የተገረሰሰው የንጉሣዊ ሐረግ እንዲመለስ የሚመኝ ሰው ነበር፤ ልቡ ከመሳፍንቱ ጋር ነው። ልቦለዶቹ ውስጥ ግን ፌዙ ከሁሉም ይልቅ የሚመርረው የሚራራላቸውን መሳፍንትና ወይዛዝርት ወደ መድረክ ሲያወጣ ነው፤ በግልጽ አድንቆ የሚያወራላቸው ሰዎች ደግሞ በፖለቲካ ጠላቶቹ የሆኑትን ሪፐብሊካውያን ነው። ኤንግልስ ይህንን ከእውነታዊነት (ኑሮን እንዳለ ከሚያሳየው አጻጻፍ) ታላላቅ ድሎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ባልዛክ ከገዛ የመደብ ስሜቱ ጋር ተቃርኖ ለመጻፍ ተገዷል። ስለዚያ ዘመን የፈረንሳይ ኅብረተሰብም ከታሪክ ጸሐፊዎቹ፣ ከኢኮኖሚ ሊቃውንቱና ከስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ሁሉ ይልቅ ከባልዛክ እንደተማረ ይናገራል።

ይህን ደብዳቤ ደግሜ ባነበብኩ ቁጥር የሚያስደንቀኝ «መገደዱ» ነው። ማን አስገደደው? ፓርቲ አላስገደደውም፤ ሕሊናውም ቢሆን የሚያዘው ወደ ንጉሡ ነው። ያስገደደው ልቦለዱ ራሱ ነው። ባለዕዳ የሆነ መስፍን፣ አራጣ አበዳሪ፣ ጥሎሽ የምትጠብቅ ልጅ፣ ከገጠር መጥቶ ፓሪስን ሊይዝ የሚመኝ ወጣት አንድ ላይ ሲገናኙ ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጥቶ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ መቁጠር ግድ ይሆናል፤ ሒሳቡ ሲቆጠር ደግሞ መሳፍንቱ እንደሚከስሩ ይታያል። ጸሐፊው የቱንም ያህል ቢወዳቸው ሒሳቡን ካላጭበረበረ በስተቀር ሊያድናቸው አይችልም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን የሚያሳዝን ነው። ይህን የመሰለ ለሥነ ጽሑፍ ነጻነት የሚከራከር ደብዳቤ የጻፈውን ሰው መምህሬ የሚል መንግሥት በ1934 በሞስኮ በተካሄደው የሶቪየት ደራስያን ጉባኤ ላይ ሶሻሊስታዊ እውነታዊነትን፣ ኑሮን ወደ ሶሻሊዝም ሲራመድ እንዲያሳይ የሚጠበቅበትን አጻጻፍ፣ ብቸኛው መንገድ አድርጎ አወጀ። ሃንጋሪያዊው ፈላስፋ ጆርጅ ሉካች የባልዛክን ነገር በደንብ ተረድቶት ነበር፤ ከገባውም በላይ አስፋፋው። ችግሩ ከዚያ ልቦለድ ያገኘውን መለኪያ የልቦለድ ሁሉ መለኪያ ማድረጉ ነው። በ1937 እና 1938 በሞስኮ ይታተም በነበረው የጀርመን ስደተኞች መጽሔት ላይ ስለ ኤክስፕረሽኒዝም (ከውጫዊው እውነታ ይልቅ የውስጥ ስሜትን ስለሚያጎላው የኪነ ጥበብ ስልት) በተካሄደው ክርክር አዳዲስ የአጻጻፍ ስልቶችን የውድቀት ምልክት አድርጎ ፈረጃቸው። ጀርመናዊው ተውኔት ጸሐፊ ቤርቶልት ብሬኽት የሰጠው መልስ አጭርና የሚዋጋ ነበር፤ እውነታው ሲለወጥ እርሱን የሚያሳየው ስልትም መለወጥ አለበት፣ ባልዛክን የመሰለ ልቦለድ መጻፍ ባልዛክ ያደረገውን ማድረግ አይደለም የሚል። ብሬኽት ይህን መልስ ያኔ አላሳተመውም፤ ለአንባቢ የበቃው ከሞተ በኋላ ነው። በስደት ላይ ያለ ጸሐፊ ከራሱ ወገን ጋር በአደባባይ መሟገት ምን እንደሚያስከፍለው ያውቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

የብሬኽት ወዳጅ ጀርመናዊው ሃያሲ ዋልተር ቤንያሚን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1934፣ በፓሪስ ለሚገኝ ፋሺዝምን ለማጥናት ለተቋቋመ ተቋም ባዘጋጀው ንግግር ጥያቄውን ከሥሩ ገልብጦት ነበር። አንድ ሥራ ስለ ዘመኑ የማምረቻ ግንኙነቶች ያለው አመለካከት ምንድን ነው ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ በግንኙነቶቹ ውስጥ የራሱ የሥራው ቦታ የት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል አለ። በቀላሉ ስናየው፦ ጋዜጣው የማን ነው? አንባቢው ጸሐፊ መሆን ይችላል ወይስ ሁልጊዜ ተቀባይ ነው? ድህነትን በሚያምር ፎቶግራፍ እያነሳ ለሻጭ የሚያቀርብ ሰው አመለካከቱ አብዮታዊ ቢሆንም ሥራው ድህነትን ራሱን የሚጣጣም ሸቀጥ ያደርገዋል። ቤንያሚን በአቋም ላይ ብቻ የተመሠረተ ውግንና ምን ያህል ርካሽ ሊሆን እንደሚችል ከማንም በላይ ያየ ይመስለኛል። ያየውን ግን ለመጨረስ ዕድሜ አላገኘም፤ ከናዚ ሲሸሽ በመስከረም 1940 በፈረንሳይና በስፔን ድንበር ላይ በምትገኘው ፖርትቡ ሕይወቱ አለፈ።

ጦርነቱ ሲያበቃ መድረኩን የያዘው ፈረንሳዊው ፈላስፋና ደራሲ ዣን ፖል ሳርትር ነው። በጥቅምት 1945 «ዘመናዊ ጊዜያት» የተባለውን መጽሔት ሲጀምር በመግቢያው ላይ ያሰፈረው ክስ እስከ ዛሬ ያነጋግራል። ከፓሪስ ኮሚዩን (በ1871 በፓሪስ ከተቋቋመው አብዮታዊ አስተዳደር) መደምሰስ በኋላ ለደረሰው ጭፍጨፋ ደራሲዎቹን ፍሎቤርንና ጎንኩርን ተጠያቂ አደርጋቸዋለሁ አለ፤ ምክንያቱም ለማስቆም አንዲት መስመር እንኳ አልጻፉም። ዝም ማለትም ንግግር ነው፤ ጸሐፊ በዘመኑ ውስጥ ነው፣ ቢሸሽም አያመልጥም። በ1947 በዚያው መጽሔት ባወጣቸው ጽሑፎች ሐሳቡን አደራጀው። ዝርው ጽሑፍ ቃላትን እንደ መሣሪያ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ዝርው ጸሐፊ ተጠያቂ ነው። ባለቅኔ ግን ቃላትን የሚያያቸው እንደ ነገር ስለሆነ ከግዴታው ነጻ ይወጣል። ይህን ክፍፍል በቅኔና በግጥም ባደገ አንባቢ ዓይን ሳየው የማይመስል ነው፤ እኛ ዘንድ ሹምን በመውቀስ ከዝርው ጽሑፍ ቀድሞ የወጣው ግጥም ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ የድሃውን ብሶት በግጥም ሲያሰሙ የሰሙት ባለሥልጣናት ቃላቱን እንደ ነገር ብቻ እንዳላዩዋቸው የታወቀ ነው። ሳርትርም ራሱ ብዙ አልቆየበትም። በ1948 ሴኔጋላዊው ባለቅኔ ሴንጎር ላሰባሰበው የግጥም መድበል በጻፈው መቅድም የጥቁር ሕዝቦችን የፈረንሳይኛ ግጥም በዘመኑ ብቸኛው ታላቅ አብዮታዊ ግጥም ብሎ አወደሰው። ውዳሴው ግን ውስጡ ቢላ ነበረው፤ የጥቁርነትን እንቅስቃሴ፣ የጥቁሮችን ማንነትና ባህል የሚያስከብረውን ኔግሪቲውድን፣ ወደ ሌላ ግብ የሚያልፉበት ጊዜያዊ ድልድይ አደረገው። የማርቲኒክ ተወላጁ ጸሐፊ ፍራንትዝ ፋኖን በ1952 ሲመልስለት፣ ገና የራሴ የምለውን ነገር ስይዝ ፈላስፋው መጨረሻውን አስቀድሞ ነግሮ ከእጄ ነጠቀኝ የሚል ቅሬታ አሰማ። የፍልስፍና ጉልበት በሥነ ጽሑፍ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፦ ግጥሙ እየተናገረ ሳለ ፈላስፋው ትርጉሙን ጨርሶታል።

ሳርትር ላይ የደረሰው ትልቁ ትምህርት ግን የመጣው ከራሱ ሥራ ነው። በ1948 «የቆሸሹ እጆች» የተባለ ተውኔት አወጣ። ታሪኩ የራሱን የኮሚኒስት ፓርቲ አንድ መሪ እንዲገድል ስለተላከ ወጣት ምሁር ነው። ሳርትር ተውኔቱ ፀረ ኮሚኒስት እንዳልሆነ ቢናገርም ተመልካቹ የሚያየው ሌላ ነበር፤ ፓርቲው ዛሬ ከሃዲ ብሎ የገደለውን ሰው ነገ መስመሩ ሲለወጥ ጀግና ያደርገዋል፣ ወጣቱም በዚህ መሀል ይፈጫል። ተውኔቱ በምዕራቡ ዓለም እንደ ፀረ ኮሚኒስት ሥራ ተወደደ። በ1952 ሳርትር በየአገሩ ያለው ኮሚኒስት ፓርቲ ካልተስማማ ተውኔቱ እንዳይታይ ወሰነ። የውግንና ፈላስፋ በገዛ ተውኔቱ ላይ ሳንሱር ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ነው ከደራሲው አልቤር ካሙ ጋር የነበረው ወዳጅነት በዚያው መጽሔት ገጾች ላይ በአደባባይ የፈረሰው። ስለዚያ ጠብ ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም፤ ለእኔ ከካሙ ጋር ከተደረገው ክርክር ይልቅ የተውኔቱ ነገር ይበልጥ ተናጋሪ ነው። ባልዛክን ያስገደደው ነገር ሳርትርንም አስገድዶታል፤ ልዩነቱ ባልዛክ መጽሐፉን አለመሰብሰቡ ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ቴዎዶር አዶርኖ በ1962 በሬዲዮ ያቀረበው «ውግንና» የተባለው ጽሑፍ ለሳርትር የተሰጠ መልስ ነው። ይዘትን በመምረጥ ብቻ ሥራ ፖለቲካዊ አይሆንም ይላል፤ ፖለቲካው ያለው በቅርፁ ውስጥ ነው። የሰጠው ምሳሌ አሁንም ይቆረቁራል። ብሬኽት የሂትለርን አነሳስ ለማሳየት በጻፈው ተውኔት ሂትለርን በቺካጎ የአበባ ጎመን ንግድ ላይ የሚያስፈራራ ሽፍታ አድርጎታል። ዓላማው ፋሺዝምን ማዋረድ ነው። አዶርኖ የሚለው ግን የሚያስፈራው ነገር ትንሽና አስቂኝ ሲሆን ፋሺዝም የጥቂት ወሮበሎች አጋጣሚ ሥራ ይመስላል፤ ከጀርባው ያለው የኅብረተሰቡ ኃይል ይሰወራል፤ እናም ተውኔቱ በአቋሙ ትክክል ሆኖ በፖለቲካው ይሳሳታል። በአንጻሩ ስለ ፖለቲካ ምንም የማይሉት ደራስያኑ ካፍካና ቤኬት ሌሎቹ በአዋጅ የሚናገሩለትን ፍርሃት ያነሳሳሉ።

በዚህ ክርክር አዶርኖ አሸንፏል ብዬ አስባለሁ፤ ነገር ግን ድሉን እስከ መጨረሻው ልከተለው አልችልም። ያስቸገረኝ ከእኛው ሰፈር የመጣ መጽሐፍ ነው።

በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም አዶርኖ የሚመርጠው ዓይነት ዝምተኛና ሩቅ ጸሐፊ አልነበረም። ስመ ጥር ጋዜጠኛ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን፣ ከዚያ በፊት ደግሞ አብዮቱን የሚደግፍ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» የተባለ ልቦለድ ደራሲ ነበር። መንግሥት በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻም ተሳትፏል። «ኦሮማይ» የተጻፈው በስውርም አይደለም፤ ያሳተመው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የመንግሥት ነው። እንደ ባልዛክ ሁሉ ጸሐፊው የቆመው ከገዢዎቹ ጎን ነበር። መጽሐፉ ግን ገበያ ላይ ብዙም ሳይቆይ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

መጽሐፉን ያስሰበሰበው በአደባባይ የተነገረ ተቃውሞ አይደለም፤ ተራኪው ጋዜጠኛ ጸጋዬ ኃይለማርያም መፈክር ሲያወግዝ አናገኘውም። በቅርበት ስናየው ሥራውን የሚሠራው የትረካው አቀማመጥ ነው። ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ጸጋዬ ነው፤ የተላከውም ዘመቻውን ለሕዝብ እንዲያስተዋውቅ ነው። ስለዚህ አንባቢ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያያል፤ ጋዜጠኛው ለሥርጭት የሚያዘጋጀውን ቋንቋና የዚያኑ ጋዜጠኛ ዓይን የሚያገኘውን ነገር። በቢሮ፣ በስብሰባና በመጠጥ ቤት ያሉት ባለሥልጣናት፣ ፊያሜታ የምትባለው የአሥመራ ልጅና በእርሷ ዙሪያ ያለው የስለላ ድር፣ በመጨረሻም የናቅፋ ተራራ ላይ የሚሞተው ወታደር በዚህ ዓይን ሥር ያልፋሉ። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ሰው አፍ ውስጥ እንዲኖሩ ከተደረገ በኋላ ደራሲው የራሱን አስተያየት መጨመር አያስፈልገውም። ድሉ ያልመጣ ዘመቻ፣ ስለ ድሉ እንዲናገር በተቀጠረ ሰው ሲተረክ፣ የዘመቻው ፍርድ ከትረካው ይወጣል። ደርግ መጽሐፉን በትክክል አንብቦታል።

የአዶርኖ ሐሳብ ታዲያ ይህን መጽሐፍ የት ያስቀምጠዋል? «ኦሮማይ» እንደ ቤኬት ሥራ ትርጉም የሚሸሽ አይደለም። ፍቅር አለው፣ ስለላ አለው፣ ገጹን እያስገለጠ ያስነብባል፤ አዶርኖ የባህል ኢንዱስትሪ (ለገበያ በብዛት የሚመረት መዝናኛ) ብሎ ከሚንቀው የልቦለድ ዓይነት ብዙ ነገር ወስዷል። የተወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ መጽሐፍ ለጥቂት ምሁራን የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ደርግ ባልተጨነቀለት ነበር። እዚህ ላይ አዶርኖን ትቼ ወደ ኤንግልስና ወደ ቤንያሚን እመለሳለሁ። ኤንግልስ ጸሐፊው ከአቋሙ ጋር ተቃርኖ ሊጽፍ እንደሚችል ያውቃል። ቤንያሚን ደግሞ መጽሐፉ በግንኙነቱ ውስጥ የት ቆሟል ብሎ ይጠይቃል፤ የመንግሥት ማተሚያ፣ የመንግሥት ሹም፣ የመንግሥት ዘመቻ፣ ከዚያም ያንኑ መንግሥት የሚያሳጣ ልቦለድ። ከውጭ የተወረወረ ድንጋይ አይደለም፤ የተነሳው ከቤቱ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ሐሳቡ ለዝምታ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አላጣሁትም። «ፖለቲካዬ በቅርፄ ውስጥ ነው» እያለ በአደባባይ ግፍ ሲፈጸም ብዕሩን የሚሰበስብ ጸሐፊ አይጠፋም፤ ሳርትር የከሰሰው እርሱን ነው፤ ክሱም እስካሁን አልተዘጋም። አዶርኖ ራሱ የዚህን ዋጋ ቀምሷል። በጥር 1969 ተማሪዎች የፍራንክፈርቱን የማኅበራዊ ምርምር ተቋም ሲይዙ ፖሊስ ተጠራባቸው፤ በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት ትምህርቱን አላሰጥም ብለው አቋረጡት፤ በነሐሴ ወር አረፈ። የንባቡ ትክክለኛነት ከተማሪዎቹ ጥያቄ አላዳነውም። ተማሪዎቹ ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ ማለቴ ግን አይደለም፤ እኔ በግሌ የንግግሩን አዳራሽ ያቋረጡት ልጆች አዶርኖን ያነበቡት በከፊል ነው ብዬ አስባለሁ።

ከዚህ ወዲህ በክርክሩ ላይ አዲስ ነገር የጨመረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣክ ራንሲየር ይመስለኛል። ሥነ ጽሑፍ ፖለቲካን የሚሠራው ጸሐፊዎቹ በሚይዙት አቋም ሳይሆን ሥነ ጽሑፍ ሆኖ ነው ይላል፤ ማን ሊታይ፣ የማን ሕይወት ሊተረክ፣ የትኛው ድምፅ እንደ ንግግር ሊቆጠር ይገባዋል የሚለውን የቆየ ክፍፍል በማናጋት ነው። ምሳሌ አድርጎ የሚያነሳውም ሳርትር የከሰሰውን ፍሎቤርን ነው። ፍሎቤር ዴሞክራሲን የሚንቅ ሰው ነበር። «ማዳም ቦቫሪ» ግን በ1857 ሥነ ምግባርን በመጣስ ተከሶ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ የዘመኑ ወግ አጥባቂ ተቺዎችም አጻጻፉን ራሱን የዴሞክራሲ ምልክት አድርገው ሲያወግዙት፣ አንድ ነገር በትክክል አይተው ነበር፤ የገበሬ ልጅ ስሜትና የንግሥት ስሜት በእኩል ጥንቃቄ በሚሠራ ዓረፍተ ነገር ከቀረበ፣ ማን ስለ ማን ሊጻፍለት ይገባል የሚለው ሥርዓት ፈርሷል። ፍሎቤር ዴሞክራት ሳይሆን ዴሞክራሲያዊ ልቦለድ ጽፏል።

ሳርትርም ከፍሎቤር አልተላቀቀም። በኮሚዩኑ ጭፍጨፋ ላይ ዝም ብሏል ብሎ በ1945 የከሰሰውን ሰው፣ በመጨረሻ ዓመታቱ ከማንም በላይ ጊዜ ሰጠው። በ1971 እና 1972 ስለ ፍሎቤር ያወጣቸው ሦስት ጥራዞች ከ2,500 ገጽ በላይ ናቸው፤ ልጅነቱን፣ አባቱን፣ ወንድሙን፣ ሕመሙን፣ መደቡንና ዘመኑን አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። ደራሲው ማን ነበር፣ ከማን ወገን ነበር፣ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ጥያቄ ይህን ያህል ተገፍቶ የተጠየቀበት ሌላ መጽሐፍ መኖሩን እጠራጠራለሁ። አራተኛው ጥራዝ «ማዳም ቦቫሪ»ን ራሱን የሚያነብ እንዲሆን ታቅዶ ነበር። በ1973 ዓይኑ ስለደከመ ማንበብና መጻፍ ተሳነው፤ ጥራዙም ማስታወሻ ሆኖ ቀረ።